ባክቴሪያው ደመወዝ አይጠይቅም፤ መብራትና የኖራ ድንጋይ ግን ይጠይቃል

የወርቅ ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ ወሬው ሁሉ የአውንስ ወሬ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ አውንስ 4,000 ዶላርን ተሻግሮ ሲሄድም የሆነው ይኸው ነው። ማዕድን ፈላጊ ኩባንያዎች «ከመሬት በታች ይህን ያህል ሚሊዮን አውንስ አግኝተናል» እያሉ መግለጫ ያወጣሉ፤ ጋዜጠኛው አውንሱን በዕለቱ ዋጋ ያባዛል፤ አንባቢም በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ከአፈር ሥር ተኝቶ ይታየዋል። ማባዛቱ ቀላል ነው። የሚከብደው ከዚያ በፊት መነሳት የነበረበት ጥያቄ ነው፤ ወርቁ ክፍት ነው ወይስ የተቆለፈ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በወንዝ ዳር በገበቴ ታጥቦ የሚወጣው ወርቅ ክፍት ወርቅ ነው። ዝናብና አየር ለዘመናት ሲያበሰብሰው ከኖረው የላይኛው አለት የሚወጣውም በአብዛኛው እንዲሁ ነው። ድንጋዩ ይፈጭና በሳይናይድ ውኃ ይርሳል፤ ሳይናይዱ ወርቁን ያሟሟዋል፤ ከዚያ ከሰል ይለቅመዋል። ወደ ታች ሲጠለቅ ግን አየር ያልነካው አለት ይመጣል። በዚያ ውስጥ ብረትና ድኝ ተጣምረው የሠሩት ፓይራይት፣ አርሴኒክ የተጨመረበት ሲሆን ደግሞ አርሴኖፓይራይት የሚባለው ይገኛል። ፓይራይት ወርቅ መስሎ ብዙ ሰው ያሞኘ ቢጫ ድንጋይ ነው። የሚያስቀው ነገር አንዳንዱ ፓይራይት በእርግጥም ወርቅ በሆዱ መያዙ ነው። ሆኖም ያ ወርቅ በተራ አጉሊ መነጽር እንኳ በማይታይ መጠን ደቅቆ ከሰልፋይዱ ጋር ስለተዋሃደ የቱንም ያህል ቢፈጭ ሳይናይዱ አይደርስበትም። ማዕድን አጣሪዎች እንዲህ ያለውን ድንጋይ «እምቢተኛ» ይሉታል።

እምቢተኛውን ለመክፈት ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው እሳት ነው። ሁለተኛው በከፍተኛ ግፊት በሚሠራ ዝግ ጋን ውስጥ በኦክስጅን ማብሰል ሲሆን ይህን የሚችለው ኪሱ ጥልቅ የሆነ ኩባንያ ብቻ ነው። ሦስተኛው የዛሬው ርዕሳችን የሆነው ባክቴሪያ ነው።

እሳቱ ያስከተለውን መዘዝ ለማየት ካናዳ መሄድ ይበቃል። በሰሜን ካናዳ በየሎናይፍ ከተማ አጠገብ የነበረው ጃያንት ማዕድን እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ድንጋዩን እየቆላ ወርቅ ሲያወጣ ኖረ። አርሴኒክ ያለበት ድንጋይ ሲቆላ አርሴኒኩ በጭሱ ይወጣል። ጭሱ ተጠልፎ የተሰበሰበው 237,000 ቶን የአርሴኒክ ትራይኦክሳይድ ዱቄት ዛሬም ከመሬት በታች በዋሻዎች ውስጥ ተቀምጧል። ዱቄቱ መርዝ ነው፤ በዚያም ላይ በውኃ ይሟሟል። ባለቤቱ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲከስር ዕዳው በመንግሥት ትከሻ ላይ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው የማጽጃ ግምት 4.38 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ነው። ወርቁን የሸጠው ሌላ፣ ሂሳቡን የሚከፍለው ሌላ ማለት ነው።

ባክቴሪያው በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባው ከጎን በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ኮልመርና ሂንክል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከድንጋይ ከሰል ማዕድን የሚፈሰው ውኃ ለምን ኮምጣጣ እንደሚሆን ሲያጠኑ፣ ሥራው የባክቴሪያ መሆኑን ደረሱበት። እነዚህ ፍጥረታት ስኳርም ሆነ ሥጋ አይፈልጉም። ከብረትና ከድኝ ጉልበት ይወስዳሉ፤ አካላቸውን ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሠራሉ፤ መኖሪያቸውም ሌላው ፍጡር ሁሉ በሚሞትበት አሲድ ውስጥ ነው። ለከሰል አውጪው ጠላት ነበሩ። ድኝን የሚበላ ባክቴሪያ ግን ወርቁን የቆለፈውን ሰልፋይድም ይበላል። ወርቁን አይነካም፤ በሩን ብቻ ይበላዋል።

ይህን ወደ ገበያ ያወጣው ደቡብ አፍሪካዊው ጀንኮር ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በባርበርተን አካባቢ በሚገኘው የፌርቪው ማዕድን በቀን 10 ቶን ኮንሰንትሬት የሚያክም አነስተኛ ፋብሪካ ተከለ። ኮንሰንትሬት ሲባል ድንጋዩ ተፈጭቶ፣ በአረፋ ተንሳፍፎ፣ ሰልፋይዱ ብቻ የተለየበት ዱቄት መሆኑ ነው። ዱቄቱ ከአራት እጅ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ በትልልቅ ጋኖች ውስጥ ይገባል፤ ከሥር አየር ይነፋበታል፤ ጥቂት ማዳበሪያ ይጨመርለታል፤ ሙቀቱ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይጠበቃል። ከአራት እስከ ስድስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ባክቴሪያው ሥራውን ይጨርሳል። ጠላ ጠማቂ እናቶቻችን አሠራሩን ቢያዩት ብዙም አይገርማቸውም ነበር፤ ጋን፣ ሙቀት፣ ትዕግሥት ነው።

ከፌርቪው በኋላ ትልቁ እርምጃ የተወሰደው ጋና ውስጥ ነው። በኦቡዋሲ የሚገኘው የአሻንቲ ጎልድፊልድስ ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1897 የተቋቋመ፣ በአህጉሩ ከታወቁት አንጋፋዎች አንዱ ነው። ጥልቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ድንጋዩ ሰልፋይድና አርሴኒክ የበዛበት ሆነ። ለዓመታት የተቆላውም በፖምፖራ ፋብሪካ ነበር፤ የአካባቢው ሰውም የሚተነፍሰው የፖምፖራን ጭስ ነበር። በአካባቢው አፈርና ተክል ላይ ከልክ ያለፈ አርሴኒክ መገኘቱን የራሳቸው የጋና ተመራማሪዎች ጽፈውበታል። እ.ኤ.አ. በ1994 በሳንሱ የተከፈተው ፋብሪካ በቀን 720 ቶን ኮንሰንትሬት እንዲያክም የተሠራ፣ በወቅቱ በዓይነቱ የዓለማችን ትልቁ የባክቴሪያ ፋብሪካ ሆነ። አሻንቲ በዚያው ዓመት በለንደንና በአክራ የአክሲዮን ገበያዎች ቀረበ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ኒውዮርክ ገባ። ባክቴሪያው የአፍሪካን ወርቅ በሩቅ ገበያ ጭምር ያስከበረ መሰለ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ያማረ ነው። ብዙዎቹ ጽሑፎች የሚያቆሙትም እዚህ ነው፤ «ተፈጥሮ በነፃ ታጣራለች» ይላሉ። የዚህ ጸሐፊ ጠብ ከ«በነፃ» ጋር ነው።

ባክቴሪያው ደመወዝ አይጠይቅም፤ ሠራተኛ ማኅበርም የለውም። የሚጠይቀው ኦክስጅን ነው። በኬሚስትሪው ሂሳብ አንድ ቶን ፓይራይት ሙሉ በሙሉ እንዲበላ አንድ ቶን ያህል ኦክስጅን ያስፈልጋል። አየር በክብደት ሲታይ ሩብ እንኳ የማይሞላ ኦክስጅን ነው ያለው፤ ስለዚህ ከአራት ቶን በላይ አየር መንፋት ግድ ነው። በዚያም ላይ ከተነፋው ኦክስጅን አብዛኛው ሳይሟሟ በአረፋ መልክ ያመልጣልና የሚነፋው አየር ከዚህም በብዙ ይበልጣል። አየር የሚነፉት ማሽኖች፣ ጋኑን የሚያማስሉት ሞተሮች፣ ሁሉም የሚሠሩት በመብራት ነው። ቀጥሎ ደግሞ ድኝ ሲቃጠል ሙቀት ይሰጣል፤ በጋን ውስጥም ሆነ በምድጃ ያው ነው። ስለሆነም ጋኑ እንዳይሞቅ ሌት ተቀን በቀዝቃዛ ውኃ ቱቦ መቀዝቀዝ አለበት። ለዚህም ፓምፕ፣ ለፓምፑም መብራት።

መብራት ቢጠፋስ? የዳቦ ቤት ሊጥ ቢበላሽ ሌላ ይቦካል። የባክቴሪያው ጋን ግን አየር ካጣ ሕዝቡ ማለቅ ይጀምራል፤ ክፉኛ ከተጎዳም ከጥቂት እርሾ ተነስቶ እንደገና ማራባት ሳምንታትን ይወስዳል። በነዚያ ሳምንታት የባንክ ወለድ አይቆምም። ጋና እ.ኤ.አ. በ1998 የአኮሶምቦ ግድብ ውኃ ቀንሶባት መብራት በፈረቃ ስታድል የነበረች አገር ናት። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፋብሪካ የሚተክል ሰው የራሱን ጄኔሬተር ከሂሳቡ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።

ከመብራቱ ቀጥሎ የኖራ ድንጋዩ ይመጣል። ባክቴሪያው ድኙን በልቶ የሚተፋው አሲድ ነው። ከአንድ ቶን ፓይራይት የሚወጣውን አሲድ ለማርከስ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ንፁህ የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል። በሌላ አነጋገር የወርቅ ማዕድን ከፍተናል ያለው ኩባንያ ሳያስበው የኖራ ድንጋይ ካባም ከፍቷል። ካባው ቅርብ ከሆነ መልካም፤ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በመኪና የሚመጣ ከሆነ ግን የናፍጣው ሂሳብ ወርቁን ይበላዋል። ይህን ጉዳይ በኩባንያዎች መግለጫ የፊት ገጽ ላይ አታገኙትም፤ ከኋላ ባሉት ገጾች በትንንሽ ፊደል ይገኛል።

አሁን ሁሉንም ወደ ብር እንመንዝረው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው እንጂ የማንም ኩባንያ አይደሉም። በአንድ ቶን ኮንሰንትሬት ውስጥ 50 ግራም ወርቅ አለ እንበል። ድንጋዩ እምቢተኛ ስለሆነ በቀጥታ ሳይናይድ ቢደረግ 40 በመቶው፣ ማለትም 20 ግራሙ ይወጣል። በባክቴሪያ ታክሞ ከሆነ 92 በመቶው፣ ማለትም 46 ግራሙ ይወጣል። የባክቴሪያው ድርሻ 26 ግራም ሆነ ማለት ነው። አንድ አውንስ 31.1 ግራም ነው፤ አውንሱ 3,110 ዶላር ሲሸጥ ግራሙ 100 ዶላር ስለሚሆን ባክቴሪያው በየቶኑ 2,600 ዶላር አመጣ። ይህን ያየ ሰው «ታዲያ መብራቱና ኖራው ምን አላት?» ሊል ይችላል። አውንሱ በ1990ዎቹ መጨረሻ በነበረው 280 ዶላር ቢሸጥ ግን ግራሙ 9 ዶላር፣ የባክቴሪያውም ድርሻ 234 ዶላር ብቻ ይሆናል። የአየሩ፣ የማቀዝቀዣው፣ የኖራ ድንጋዩና የብድሩ ሂሳብ ደግሞ ዋጋ ወረደ ብሎ አይወርድም። ክፍት ወርቅ ያለው ጎረቤት እያተረፈ እምቢተኛው ድንጋይ ያለው የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ፍርሃት ብቻ አይደለም። እዚያው ጋና ውስጥ በቦጎሶ ሁለተኛ የባክቴሪያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ጀምሮ ነበር። የወርቅ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 1,900 ዶላር ሲጠጋ ሁሉም ደስ አለው። በ2015 መጨረሻ ዋጋው ከ1,100 ዶላር በታች ወረደ፤ የቦጎሶ የሰልፋይድ ሥራም በዚያው ዓመት ቆመ። ኦቡዋሲ ቀድሞት በ2014 መጨረሻ ተዘግቷል። ለፍትሕ ያህል መነገር ያለበት፣ ኦቡዋሲን ያዘጋው ባክቴሪያው አይደለም፤ ማዕድኑ ያረጀ፣ ጥልቅና ወጪው የበዛ ነበር። አሻንቲ ራሱም በ1999 የወርቅ ዋጋን አስቀድሞ ለመቁረጥ በገባባቸው ውሎች ተጠልፎ ከወደቀ በኋላ በ2004 ከአንግሎጎልድ ጋር ተዋህዶ ነበር። የሆነው ሆኖ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ከተማይቱም ደመወዝ አጣች። ማዕድኑ በብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር ታድሶ እንደገና ወርቅ ያፈሰሰው በታኅሣሥ 2019 ነው። በመካከሉ ያለፉት አምስት ዓመታት በማንም የትርፍ መግለጫ ላይ አልተመዘገቡም።

በነዚያ ዓመታት ከቅጥር ግቢው ውጪ «ጋላምሴ» የሚባሉት ባህላዊ አውጪዎች ቆፈሩ። ለእነርሱ ይህ ሁሉ ሳይንስ ምንም አይፈይድም። በሜርኩሪ የሚያዘው ክፍት ወርቅ ብቻ ነው፤ የተቆለፈው በዝቃጭ መልክ ይጣላል። ስለዚህ ባክቴሪያ የሀብታም መሣሪያ ነው። ድሀው ሊሠራበት ስለማይችል የሚያገኘው ጥቅም በደመወዝና መንግሥት በሚሰበስበው ግብር በኩል ካልመጣ በሌላ በኩል አይመጣም።

አርሴኒኩስ የት ገባ? ይህ በጣም የሚድበሰበስ ነጥብ ነው። በእሳቱ ጊዜ ወደ ሰማይ ይሄድ የነበረው አርሴኒክ በባክቴሪያው ጊዜ አልጠፋም፤ በፈሳሹ ውስጥ ቀርቶ ከብረት ጋር ተጣብቆ ወደ ዝቃጭነት ይለወጣል። በቂ ብረት ካለና አሲዱ በአግባቡ ከረከሰ ይህ ዝቃጭ ከጃያንቱ ዱቄት ጋር የማይወዳደር የተረጋጋ ነገር ነው፤ መሻሻሉ እውነተኛ ነው፤ እኔም ከእሳቱ ይልቅ ባክቴሪያውን እመርጣለሁ። ነገር ግን «የተረጋጋ» ማለት ግድቡ እስካልፈረሰ፣ ክትትሉም እስካልተቋረጠ ድረስ ነው። ማዕድኑ ሃያ ዓመት ይሠራል፤ ዝቃጩ ግን ከልጅ ልጆቻችን ጋር ይኖራል። ኢኮኖሚስቶች ሌላው ሰው ላይ የሚወድቅ ወጪ የሚሉት ይህንኑ ነው። ከጭስ ይልቅ ዝቃጭ ለዓይን ስለማይታይ ሰው አይጮኽበትም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

የዕውቀቱም ባለቤትነት መነሳት አለበት። በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ባዮክስ የተባለው አሠራር በሽያጭና በውህደት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ ዛሬ የፊንላንዱ የሜትሶ ኩባንያ ንብረት ነው። የአፍሪካን ድንጋይ በአፍሪካ የተገኘ ጥበብ ሲከፍተው የፈቃዱ ክፍያ ፊንላንድ ይገባል ማለት ነው። በሌላ በኩል ሩሲያውያኑን እንመልከት። በሳይቤሪያ በሚገኘው ኦሊምፒያዳ ማዕድን ፖሊዩስ የተባለው ኩባንያ የራሱን አሠራር አበልጽጎ ከ2001 ጀምሮ ይሠራበታል። ባክቴሪያው በማንም ፓተንት አልተፈጠረም፤ ሰልፋይድ አለት ከአየርና ከውኃ ጋር በተገናኘበት ሁሉ ይገኛል። የሚገዛው ጋኑን የማስተዳደር ልምድ ነው፤ ልምድ ደግሞ ይማሩታል።

እኛስ ምን አገባን የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያገባናል። በመጀመሪያ ግን ሰልፋይድ ሁሉ እምቢተኛ አይደለም፤ የለገደንቢ ወርቅ ለብዙ ዓመታት ያለ ባክቴሪያ ሲወጣ ኖሯል። በሰሜን በኩል ያለው ሁኔታ ለየት ይላል። በትግራይ ተራክምቲ በተባለው ቦታ ከላይ አየር የለወጠው ወርቅ ያለበት ቆብ፣ ከሥሩ ደግሞ መዳብ፣ ዚንክና ወርቅ የያዘ ሰልፋይድ አለ። ኤርትራ ውስጥ ያለው የቢሻ ማዕድን ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ቢሻ በ2011 ወርቅ ማውጣት ጀምሮ የላይኛው ቆብ ሲያልቅ በ2013 ወደ መዳብ፣ በ2016 ደግሞ ወደ ዚንክ ተሸጋገረ። በእንዲህ ያለው ቦታ ከሰልፋይዱ ጋር ያለው ወርቅ ከመዳቡ ኮንሰንትሬት ጋር ተጭኖ ወደ ባህር ማዶ ማቅለጫ ሊሄድ ይችላል። ያኔ ስንት ግራም እንደተከፈለበት የሚያውቀው ገዢው ነው፤ ሻጩ አገር ውሉን በደንብ ያላነበበ እንደሆነ።

ስለዚህ የኛ ተደራዳሪዎች «ስንት አውንስ?» ብለው ከመደሰታቸው በፊት ጥቂት የሚያሰለቹ ነገሮችን ቢጠይቁ እመርጣለሁ። ከላይኛው ቆብና ከታችኛው ሰልፋይድ ተለይቶ በመቶ ስንቱ ወርቅ እንደሚወጣ በገለልተኛ ላቦራቶሪ ተፈትኖ ይቅረብ። ቆቡን ልጦ ሰልፋይዱን ትቶ የሚሄድ ኩባንያ ምን እንደሚጠብቀው በውሉ ይጻፍ፤ ጣፋጩን በልቶ አጥንቱን መተው በማዕድንም የተለመደ ነውና። ባክቴሪያ ከሆነ ምርጫው፣ መብራቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ለሌላው ሕዝብ ከሚደርሰው ላይ ስንት ሜጋ ዋት እንደሚቀነስ፣ የኖራ ድንጋዩ ከየትኛው ካባ እንደሚጫን ይታወቅ። ጋኑን የሚጠብቁት ባለሙያዎች ከየዩኒቨርሲቲዎቻችን የወጡ ኬሚስቶችና ባዮሎጂስቶች እንዲሆኑ የጊዜ ገደብ ይቀመጥ፤ ይህ ሥራ ዳቦ ጋጋሪ እርሾውን እንደሚያውቅ ጋኑን በየዕለቱ ማወቅን የሚጠይቅ ነው። የዝቃጩ ግድብ መጠበቂያ ገንዘብ ደግሞ ማዕድኑ ሲዘጋ ሳይሆን የመጀመሪያው ወርቅ ከመፍሰሱ በፊት ኩባንያው ቢከስርም ሊነካ በማይችል ሂሳብ ባንክ ይግባ። መጠኑም ወርቁ 4,000 ዶላር በሆነበት ሳይሆን 1,000 ዶላር በሚሆንበት ቀን ታስቦ ይወሰን።